ጫት ለምን ይቸኩላል?

ከሐረር ወጣ ብላ የምትገኘው አወዳይ የታወቀችው በጫት ገበያዋ ነው። ገበሬው የቆረጠውን ቀንበጥ ያመጣል። ነጋዴው ያገላብጣል፣ ይመርጣል፣ ይከራከራል። ከዚያ ይታሰራል፣ እርጥበቱን እንዲይዝ በቅጠል ይጠቀለላል፣ መኪና ላይ ይወጣል። ቀጥሎ ያለው ሩጫ ነው። ወደ ጅግጅጋና ቶጎ ውጫሌ፣ ወደ ድሬዳዋና ጅቡቲ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው የጫት መኪና አነዳድ ምን እንደሚመስል አይጠፋውም። ክላክሱ ከሩቅ ሲሰማ ሁሉም መንገድ ይለቃል።

ጤፍ እንዲህ አይቸኩልም። ቡናም አይቸኩልም፤ ከረጢት ውስጥ ወራት ተኝቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ሌላ አገር ተቆልቶ አሁንም ቡና ነው። ጫት ለምን ይቸኩላል ብላችሁ ነጋዴውን ብትጠይቁት «ይጠወልጋላ!» ይላችኋል። ቢጠወልግስ ታዲያ? ሻይ ቅጠል ደርቆ ነው የሚጠጣው። በሶብላም ደርቆ ነው በርበሬ ውስጥ የሚገባው። ጫት ሲደርቅ ምን ይጎድልበታል?

ይህቺ ተራ የምትመስል ጥያቄ የአውሮፓን ኬሚስቶች ሰማንያ ስምንት ዓመት ፈጅታባቸዋለች። ከ1887 እስከ 1975 ድረስ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሰነፉበት ዘመን ስለነበር አይደለም፤ ከመካከላቸው በጣም ጎበዞች ነበሩ። ችግሩ እጃቸው የሚገባው ቅጠል ላይ ነበር።

ከኬሚስቶቹ በፊት ግን ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ፤ ምክንያቱም ስለ ጫት የተጻፈው ነገር ከኬሚስትሪ በፊት አምስት መቶ ዓመት ይበልጣል።

የአፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል በ1332 ስለተደረገው ጦርነት ሲተርክ የይፋቱን ገዥ ሰብረዲንን ይጠቅሳል። ሰብረዲን የንጉሡን መናገሻ ማራዴን እይዛለሁ፣ እዚያም ጫት እተክላለሁ ብሎ ዛተ ይለናል። ጸሐፊው ከንጉሡ ወገን ነውና ሰብረዲን ይህን በእርግጥ ይበለው አይበለው እንጃ። ለእኛ ግን ሌላው ነገር ይበልጣል፦ በዚያ ዘመን ጫት የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ጫት መትከል ዛቻ ሆኖ የሚሰማ ከሆነ ተክሉ የሃይማኖት ድንበር ምልክት ሆኗል። ይህ ድንበር ብዙ መቶ ዓመት ቆይቶ አሁን በእኛ ዘመን ነው የፈረሰው፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ በርጫ የተቀመጠውን ልጅ ሃይማኖቱን ከጫቱ መገመት አይቻልም።

በዚያው ክፍለ ዘመን ካይሮ ተቀምጦ ስለ ዓለም አገሮች የሚጽፍ አል-ዑመሪ የሚባል ሰው ነበር። ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም። ከዚህ አካባቢ ወደ ካይሮ የመጡ ሰዎችን እየጠየቀ ነው የጻፈው። ስለ ጫት የሰበሰበው መረጃ ሲነበብ ይገርማል፦ አእምሮን ያነቃል፣ የተረሳን ያስታውሳል፣ ደስታ ይሰጣል፣ የምግብ ፍላጎትን፣ እንቅልፍንና የሩካቤ ፍላጎትን ይቀንሳል። አንድ የፋርማኮሎጂ መምህር ዛሬ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከሚጽፈው ዝርዝር ብዙም አይርቅም።

አል-ዑመሪ አንድ ጨዋታም ይነግረናል። አንድ ከሐበሻ ምድር የመጣ ሰው ለየመኑ ንጉሥ ለአል-ሙአየድ ዳውድ ስለዚህ ቅጠል ያወራለታል። ንጉሡ ጥቅሙ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። መብላትን፣ መጠጣትንና ሴትን ያስረሳል ተብሎ ይመለስለታል። ንጉሡም ታዲያ በዚህች ዓለም ላይ ከእነዚህ ሌላ ምን ደስታ አለ፣ ገንዘቤን የማወጣው ለእነሱ አይደለም ወይ፣ አልቀምሰውም አለ ይባላል። የመን ከጊዜ በኋላ የጫት አገር መሆኗን ስናስብ ንጉሡ ብዙ ተከታይ አላገኘም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሲነገር ቅጠሉ ትኩስ ነው። የይፋት ሰው፣ የሐረር ሰው፣ በኋላም የየመን ሰው የሚያውቀው ጫት ጠዋት ተቆርጦ ከሰዓት የሚቃመውን ነው። ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 ሐረር ገብቶ አስር ቀን ያህል ሲቆይ ያያቸው የከተማዋ ዑለማዎችም የሚቅሙት ለጋውን ጫፍ ነበር። ጫት መድኃኒት ሆኖም አገልግሏል፤ ለድካም፣ ለራስ ምታት፣ ለጉንፋን የቀቀሉት፣ ያፈሉት፣ ያኘኩት ብዙ ናቸው። ገበሬው ማሳው ውስጥ ድካም እንዲለቀው ይቅማል፤ ደረሳው ሌሊቱን ቁርአን ለመቅራት፣ ሹፌሩ መንገድ እንዲያልቅለት።

አውሮፓ የደረሰው ግን ሌላ ጫት ነው።

በ1761 የዴንማርክ ንጉሥ ወደ ዓረቢያ ስድስት ሰዎች ላከ። ከመካከላቸው አንዱ ፒተር ፎርስኮል የሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ፣ የታዋቂው የሊኔየስ ተማሪ ነበር። ፎርስኮል የመን ተራራዎች ላይ ጫትን አገኘው፣ ገለጸው፣ ናሙና ወሰደ። ሐምሌ 1763 ላይ ያሪም በምትባል ከተማ ወባ ገደለው። ገና ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ባልደረቦቹም እየተከታተሉ አለቁ፤ ከስድስቱ በሕይወት አገሩ የገባው ካርስተን ኒቡር ብቻ ነው። ኒቡር የሟች ጓደኛውን ማስታወሻ አሰባስቦ በ1775 አሳተመው። ጫት «ካታ» የሚለውን ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ ሙሉው ካታ ኤዱሊስ፣ የሚበላ ካታ እንደማለት።

ፎርስኮል ተክሉን የያዘው በዘመኑ ደንብ ነው፦ በወረቀት መካከል ተጭኖ፣ ደርቆ። ለዕፅዋት ተመራማሪ ይህ ይበቃል። የቅጠሉን ጠርዝ፣ የአበባውን አቀማመጥ ከደረቅ ናሙና መለየት ይቻላል። ስለዚህ ማንም ሰው «ደርቆ ምን ቀረበት?» ብሎ አልጠየቀም። አውሮፓ ለሚቀጥሉት ሁለት መቶ ዓመታት ጫትን ያወቀችው በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ በሳጥን፣ በመርከብ፣ ደርቆ።

በ1887 ስትራስቡርግ ውስጥ የፋርማሲ ፕሮፌሰሩ ፍሉኪገርና ባልደረባው ጌሮክ ጫትን መረመሩ። የፈለጉት ካፌይን ነበር። አሳማኝ ግምት ነው፦ ቡናም ከዚያው አካባቢ ነው፣ ሻይም የሚያነቃ ቅጠል ነው፣ ሁለቱም ካፌይን አላቸው። ጫት ውስጥ ግን ካፌይን አጡ። ያገኙት አንድ አልካሎይድ ሲሆን ካቲን አሉት። አልካሎይድ ማለት ተክሎች የሚሠሩት ናይትሮጅን ያለበት ንጥረ ነገር ነው፤ ካፌይን፣ ኒኮቲን፣ ሞርፊን፣ ኩዊኒን ሁሉም ከዚህ ወገን ናቸው።

ቀጥሎ የመጡት ሰዎች አንዱ አንድ ስም፣ ሌላው ሌላ ስም እየሰጡ ቆዩ። በ1930 ቮልፈስ የተባለ ኬሚስት የካቲንን ማንነት በትክክል ለየው፦ ኖርሱዶኤፌድሪን ነው አለ። ቻይናዎች ለብዙ ሺህ ዓመት ለሳል ከተጠቀሙበት ኤፌድራ ከሚባለው ተክል ከሚወጣው ኤፌድሪን ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ካቲን ራሱ ጀርመን ውስጥ የምግብ ፍላጎት መቀነሻ ሆኖ እስከመሸጥ ደርሷል። የየመኑ ንጉሥ ቢሰማ ምን ይል ነበር።

መዝገቡ ተዘጋ። የጫት ምስጢር ካቲን ነው ተባለ።

ልክ እንዲህ አስቡት። አንድ ሰው ከላሙ ወተት አልቦ በቅል አድርጎ ሩቅ አገር ላለ ወዳጁ ይልካል። መንገዱ ሳምንታት ይፈጃል። ወዳጁ ቅሉን ሲከፍት ያገኘው እርጎ ነው። በጥንቃቄ መርምሮ፣ መዝኖ፣ «የዚያ አገር ላም እርጎ ትሰጣለች» ብሎ ይጽፋል። የመዘነው ትክክል ነው፣ የጻፈው ትክክል ነው፣ መደምደሚያው ብቻ ነው የተበላሸው።

ሒሳቡ እንደማይገጥም የገባቸው ሰዎች አልጠፉም። ካቲን ያነቃል፣ ግን ደካማ ነው። ጫት ውስጥ ያለው መጠን ተሰልቶ ሲታይ ቃሚው «ሞቅ አለኝ» የሚልበትን ምርቃና አይሸፍንም። በ1935 የመንግሥታት ማኅበር የኦፒየም ጉዳይ ኮሚቴው ስለ ጫት ሲወያይ የነበረው ማስረጃ ይኸው ነበር። በ1961 ጎርደን አሌስ የሚባል አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር ስለ ጫት ጥናት አሳተመ። ይህ ሰው በ1929 አምፌታሚንን በራሱ ላይ ሞክሮ ውጤቱን የመዘገበ ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ከእሱ የቀረበ ሰው አይገኝም ማለት ይቻላል። እሱም ቢሆን የሚፈለገውን አላገኘም። በ1963 ደግሞ ፍሪበልና ብሪላ የተባሉ ጀርመናውያን ትኩሱ ቅጠል ከደረቁ ይበልጥ የሚያነቃቃ ነገር እንዳለው በጽሑፍ አወጡ።

ትኩሱ ከደረቁ ይበልጣል! ይህን አወዳይ ላይ ጫት የምትሸጥ እናት ብትሰማ ከት ብላ የምትስቅ ይመስለኛል። ለእሷ ይህ ግኝት አይደለም፤ የዋጋ ጉዳይ ነው። ጠዋት በአንድ ዋጋ የነበረው እስር ማታ ላይ ምን እንደሚያወጣ ታውቃለች። ገራባውን ፍየል ይበላዋል።

እዚህ ላይ ስለ ንግዱ ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም ማስረጃው ሁሉ እዚያ ተዘርግቶ ነበር። ባቡር በ1902 ድሬዳዋ ሲገባ የሐረርጌ ጫት በቀን ውስጥ ወደ ጠረፍ የሚወርድበት መንገድ አገኘ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ጫት ከድሬዳዋ ወደ ኤደን በአውሮፕላን መብረር ጀመረ። እስቲ አስቡት፤ በዚያ ዘመን በአውሮፕላን የሚሄደው ስንት ዕቃ ነው? ፖስታ፣ ባለሥልጣን፣ መድኃኒት፣ እና ጫት። ኤደንን የሚገዙት እንግሊዞች በ1957 ጫትን ከለከሉ፤ ክልከላው አንድ ዓመት ትንሽ አልፎት በ1958 ተነሣ። ነጋዴው ለአውሮፕላን የከፈለው ዋጋ ራሱ የሳይንስ መረጃ ነበር። ደረቅ ጫት ቢሠራ ኖሮ በርካሽ በጀልባ ይሄድ ነበር። ማንም ኬሚስት የአየር ጭነት ደረሰኝ አላነበበም።

በ1971 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን ላቦራቶሪው የጫትን ኬሚስትሪ ከሥሩ እንዲመረምር ጠየቀ። ጄኔቫ ውስጥ ሥራው ተጀመረ፤ ሃንጋሪያዊው ካልማን ሴንድሬይ ከመሪዎቹ አንዱ ነበር። ዋናው ለውጥ ምን መሰላችሁ? ትኩሱን ቅጠል መመርመር። በ1975 ውጤቱ ወጣ። ትኩሱ ቅጠል ውስጥ ማንም ከዚያ በፊት ከጫት ያላወጣው ሞለኪውል ነበር። ካቲኖን ተባለ።

ካቲንና ካቲኖን በስም ብቻ ሳይሆን በአካልም ይቀራረባሉ። አምፌታሚንን አስቡት፤ አንድ የካርቦን ቀለበት፣ ከእሱ የወጣ አጭር ጅራት፣ ጅራቱ ላይ ናይትሮጅን። ከቀለበቱ ቀጥሎ ያለው ካርቦን ላይ አንድ ኦክስጅን በድርብ ማሰሪያ ስትጨምሩበት ካቲኖን ይሆናል። ያው ኦክስጅን ሃይድሮጅን አግኝቶ በነጠላ ማሰሪያ ሲቀር ደግሞ ካቲን ነው። ልዩነቱ ሁለት የሃይድሮጅን አቶሞች ናቸው። ግን በድርብ የታሰረው ኦክስጅን ያለበት ካቲኖን ወደ አንጎል ለመግባት ይቀለዋል፣ ጉልበቱም ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ፒተር ካሊክስ የተባለ የጄኔቫ ፋርማኮሎጂስት ከ1980 ጀምሮ ባወጣቸው ጥናቶች ካቲኖን የነርቭ ጫፎች ያጠራቀሙትን ዶፓሚን እንዲለቁ እንደሚያደርግ አሳየ፤ አምፌታሚን የሚያደርገውን ማለት ነው። ካሊክስ ካቲኖንን ተፈጥሯዊ አምፌታሚን ብሎ ጠራው፤ ስሙም ተለመደ።

ይኼው ድርብ ኦክስጅን ግን ካቲኖንን ደካማ ጎን ሰጥቶታል፤ አይረጋም። ተክሉ ራሱ ለጋ ቅጠሉ ውስጥ ካቲኖን ይሠራል፣ ቅጠሉ ሲጎለምስ ቀስ እያለ ወደ ካቲንና ወደ ኖርኤፌድሪን ይቀይረዋል። ቀንበጡ ተወዶ አሮጌው ቅጠል የሚጣለው ለዚህ ነው። ከተቆረጠ በኋላም ቅጠሉ ሲጠወልግ ለውጡ ይቀጥላል። ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ ይህ ነው፦ ኬሚስቶች አልካሎይድ ለማውጣት የለመዱት መንገድ ናሙናውን አልካሊ ማድረግ ነው። በዚያ ሁኔታ ነጻ የወጡ የካቲኖን ሞለኪውሎች ሁለት ሁለት ሆነው ይጣበቃሉ፣ ከዚያ በኋላ ካቲኖን የሉም። ስለዚህ መንገድ ላይ ተርፎ የደረሰውንም ትንሽ ካቲኖን ፍለጋው ራሱ ያጠፋው ነበር። ወተቱ ቢደርስም ማሰሮው ያረጋው ነበር እንደማለት።

ሌላ የሚገርም ነገር አለ። የካቲኖን ወገን የሆኑ ሞለኪውሎች በሰው እጅ ተሠርተው የነበሩት ቅጠሉ ውስጥ ከመገኘታቸው በፊት ነው። ሜትካቲኖን በ1928 ተሠርቷል። በ1969 ደግሞ ናሪማን ሜህታ የተባለ ኬሚስት አሜሪካ ውስጥ ቡፕሮፒዮንን ሠራ። ቡፕሮፒዮን ዛሬ ለድባቴ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው፣ ሲጋራ ለማቆምም ይሰጣል፤ አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ ዌልቡትሪን ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። አጥንቱ የካቲኖን አጥንት ነው። ያኔ ጄኔቫ ላይ ካቲኖን ከጫት አልወጣም። ሰዎቹ የሐረርጌ ገበሬ ማሳ ላይ የቆመውን ነገር የቅርብ ዘመድ፣ ማሳውን ሳያዩ፣ ከባዶ ሠርተውት ነበር።

እዚህ ላይ ሶሻል ሚዲያ ላይ የምናየው አንድ አባባል ይመጣል፦ «አባቶቻችን ቀድመው ያውቁት ነበር።» እኔ በዚህ አባባል ግማሽ ልቤ ብቻ ነው የሚስማማው። ቃሚው፣ ሻጩ፣ ገበሬው ትኩስነት ወሳኝ መሆኑን፣ ጫፉ ከግንዱ እንደሚበልጥ፣ እርጥበት መጠበቅ እንዳለበት ያውቁ ነበር። ይህ በትውልድ የተፈተነ፣ ገንዘብ የተከፈለበት እውቀት ነው፣ ከላቦራቶሪው ቀድሞ ትክክል ነበር። ለምን እንደሆነ ግን አያውቁም ነበር። ቢያውቁ ደግሞ ቡፕሮፒዮን የኛ ይሆን ነበር። ሁለቱ እውቀቶች ሰማንያ ስምንት ዓመት ሙሉ ጎን ለጎን ኖረዋል፤ አንዱ አወዳይ ገበያ ላይ፣ ሌላው ስትራስቡርግ ውስጥ። የሚያናግራቸው ሰው ጠፋ። ኬሚስቱ ያልጠየቀው ሻጭ ቅጠል ብቻ እንጂ እውቀት የሚሸጥ መስሎ ስላልታየው ነው፤ ይህ ደግሞ የኬሚስትሪ ስህተት አይደለም።

ስለ መጠኑ ካነሳን ስዊዘርላንዳውያኑ ጋይስሁስለርና ብሬናይዘን በ1987 ከተለያዩ አገሮች የመጡ ናሙናዎችን መዝነው ነበር። በአማካይ አንድ መቶ ግራም ትኩስ ቅጠል ውስጥ 36 ሚሊግራም ካቲኖን፣ 120 ሚሊግራም ካቲንና 8 ሚሊግራም ኖርኤፌድሪን አገኙ። ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል። ቃሚ ስለ አወዳይ፣ ስለ በለጬ፣ ስለ ወንዶ ሲከራከር ሙግቱ ከንቱ አይደለም። ከእነዚህ ሌላ ቅጠሉ ውስጥ ታኒን በብዛት አለ፤ አፍ የሚያጣብቀውና ሆድ የሚያደርቀው እሱ ነው። ካቴዱሊን የሚባሉ ትልልቅ አልካሎይዶችም አሉ፤ እንግሊዝ ኖቲንግሃም ውስጥ ሌዝሊ ክሮምቢ በብዛት ለይቷቸዋል፣ ዓይነታቸውም እንደ ጫቱ አገር ይለያያል።

36 ሚሊግራም ብዙ አይደለም። የሚቃመውም በአንድ ጊዜ ተውጦ ሳይሆን ለሰዓታት፣ ቅጠል በቅጠል፣ ጉንጭ ላይ እየተጠራቀመ ነው። ካቲኖን ከጉንጭ ቀስ ብሎ ወደ ደም ይገባል፣ ጉበት ደግሞ ቶሎ ይሰባብረዋል። እየገባ ይወጣል ማለት ነው። በርጫው፣ ሻዩ፣ ወሬው፣ ዱዓው፣ ቀስታው ራሱ የመጠን መቆጣጠሪያ ነበር። ያው ሞለኪውል ዘመዱ ከዚህ ሁሉ ተነጥሎ ንጹህ ዱቄት ሲሆን ምን እንደሚያደርግ በ2010 አካባቢ አውሮፓና አሜሪካ አይተውታል፤ ሜፌድሮንና መሰሎቹ «የገላ መታጠቢያ ጨው» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸው ሲሸጡ ሆስፒታሎች ተጨናንቀው ነበር።

ይህን ስል ግን «ቅጠል ብቻ ነው፣ ምን ያደርጋል» ለሚለው ወዳጄ ነዳጅ ማቀበሌ አይደለም። ለፈተና ሳምንት ሙሉ የቃመ ተማሪ ልቡ ሲመታ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለው፣ ሲያቆም ደግሞ ሀራራውና ዱካኩ ሲመጣ አይቷል። የደም ግፊት ይጨምራል። አእምሮው ቀድሞ ለታመመ ሰው ያባብስበታል። ዶፓሚን የሚያስለቅቅ ነገር ቅጠል ሆነ ክኒን ዶፓሚን ያስለቅቃል። በሌላ በኩል ደግሞ በርጫ የተቀመጠውን ሽማግሌ ከአምፌታሚን ሱሰኛ ጋር አንድ መስመር ላይ የሚያቆመው ሰው 1975ን አንብቦ ከዚያ በፊት የነበረውን ስድስት መቶ ዓመት የዘለለ ነው።

ሕጉም እዚሁ መሐል ተጣብቋል። በ1980ዎቹ ካቲኖን በ1971ዱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ሰንጠረዥ አንድ ውስጥ፣ ማለትም በጣም ጥብቅ በሆነው ክፍል ገባ፤ ካቲን ሰንጠረዥ ሦስት ውስጥ። ተክሉ ራሱ ግን አልገባም። በ2006 የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ጫትን ገምግመው በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ማስገባት አያስፈልግም አሉ። ኔዘርላንድስ በ2013፣ ብሪታንያ በ2014 ለየብቻቸው ከለከሉት፤ ለንደን ውስጥ ቅጠሉ ትኩስ እንደሆነ በሳምንት ብዙ ጊዜ በአውሮፕላን ይገባ ነበር፣ በአንድ ቀን ቆመ።

አሜሪካ ግን ሕጉ ራሱ ሰዓት ይቆጥራል። ከ1993 ጀምሮ ካቲኖን ያለበት ጫት ከሄሮይን ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ካቲኖኑ ጠፍቶ ካቲን ብቻ የቀረበት ቅጠል ደግሞ ክፍል አራት፣ ከእንቅልፍ ክኒኖች ጎን። ስለዚህ ጠዋት ከባድ ወንጀል የሆነ እስር ከቀናት በኋላ ቀላል ወንጀል ሊሆን ይችላል፤ ቅጠሉ ያው ነው፣ የጠወለገው ብቻ ነው። ፖሊስ የያዘውን ጫት ቶሎ ወደ ላቦራቶሪ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ነበረበት። የአወዳይ ሹፌር ለደንበኛው እንደሚቸኩለው የአሜሪካ ፖሊስም ለዓቃቤ ሕጉ ይቸኩል ጀመር። ዓለም ላይ ጫት በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ይሞታል የሚለው አባባል ተለመደ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት ላይ ሳይቀር ገባ።

ከዚያ በ2010 አንድ የወንጀል ምርመራ ኬሚስትሪ ጥናት ወጣ። ጫት በአግባቡ ቶሎ ከደረቀ ካቲኖኑ ቅጠሉ ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ እንደሚችል አሳየ። ካቲኖን የሚያልቅበት ቀስ እያለ፣ እርጥብ ሆኖ መጠውለግ ነው እንጂ መድረቅ ራሱ አይደለም ማለት ነው። ይህንንም ቢሆን ጥናቱን ሳይጠብቁ የደረሱበት ነበሩ። ደርቆ የተፈጨ ጫት በፖስታ ወደ አሜሪካ መጓዝ ጀምሮ ነበር፤ የአሜሪካ ጉምሩክ ፍተሻ ላይ የሚከፈቱት ጥቅሎች ላይ የተጻፈው አንዳንዴ «አረንጓዴ ሻይ»፣ አንዳንዴ «ሂና»፣ አንዳንዴም «ሽፈራው» ነው።